ዕቃው ደርሷል፣ ብሩን ግን ከካርድ መለሱብኝ። ምን ላድርግ?

ጥለት_ቧንቧውሃ · የካቲት 15

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ። ደሴ ነው ያለሁት፣ ቧንቧ ውሃ። የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ በኦንላይን እሸጣለሁ። አብዛኛው ደንበኛዬ አሜሪካ ነው ያለው። እናቴ ትፈትላለች፣ ሸማኔው የሰፈራችን ሰው ነው፣ ጥለቱን መርጬና አሰፍቼ የምልከው እኔ ነኝ። እዚህ ሆኜ የውጭ ካርድ መቀበል ስላስቸገረኝ ሱቁም የክፍያ አካውንቱም የተከፈተው ሜሪላንድ ባለችው የአክስቴ ልጅ ስም ነው። ብሩ እሷ ጋ ይገባል፣ እሷ ትልክልኛለች። ሁለት ዓመት ያለ ምንም ችግር ሠርተናል።

ኅዳር 28 አንዲት ሴት ሦስት ቀሚስ አዘዘች፣ ለራሷና ለሁለት ሴት ልጆቿ፣ ለጥምቀት የሚሆን። አንዱ 180 ዶላር፣ በድምሩ 540። ልካቸውን በቴሌግራም ላከችልኝ። የትንሿን ትንሽ ረዘም አድርጊው፣ ታድግበታለች አለችኝ። ሸማኔው ሌላ ሥራ አቁሞ ሠራልኝ። ታኅሣሥ 19 በኢኤምኤስ፣ በፖስታ ቤቱ ፈጣን መላኪያ ላክሁ፣ መላኪያውን 96 ዶላር የቻልሁት እኔ ነኝ። ጥር 7 ደረሰ። እሷም አመሰገነች። እኔም ለሸማኔው ከፈልሁ፣ ለሰፊዋ ከፈልሁ፣ በቀረው ድር ገዛሁበት።

ትናንት ጠዋት የአክስቴ ልጅ ደወለች። ገና ሃሎ ስትል ነገር እንዳለ ገባኝ። 540ው ዶላር ከአካውንቱ ተነሥቷል፣ በላዩ 15 ዶላር የክርክር ክፍያ ቆርጠውበታል። ምክንያቱ «የካርዱ ባለቤት ይህን ግዢ አላውቀውም ብሏል» ነው የሚለው። ቻርጅባክ ይሉታል። መልስ ለመስጠት 9 ቀን ሰጥተውናል።

ቀሚሶቹ እዚያ ናቸው፣ ብሩም እዚያ ነው። እኔ እጅ የቀረው የፖስታ ቤት ደረሰኝ ብቻ ነው። ዕቃ ተቀብሎ ብር ማስመለስ እንዴት ይቻላል? አቤት የሚባልበት ቦታ አለ? የአክስቴ ልጅ ስሜ ይበላሻል ብላ ፈርታለች። እኔም ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ክርክሩ ይቅር ብዬ ለሴትዮዋ 540ውን በሌላ መንገድ ልኬላት ልገላገል ይሆን እያልሁ ነው። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ቦርከና_ማዶ · የካቲት 15

እታለም አብሽሪ፣ ገና ያለቀ ነገር የለም። እኔ አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ካርድ ክፍል 9 ዓመት ሠርቻለሁ፣ አሁን ኮምቦልቻ ተመልሼ የራሴን ሥራ ይዣለሁ። እንዲህ ዓይነት ፋይል ብዙ አልፎብኛል፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ የሚያስቸኩለውን። ምንም ብር እንዳትልኪ! ባንኩ አንዴ ወስዶታል። አሁን በዌስተርን ዩኒየንም በለው በሌላ መንገድ ብትልኪ ሁለቴ ከፈልሽ ማለት ነው፣ ሁለተኛውን ደግሞ የሚያስመልስልሽ የለም። ብር የሚመለሰው ቻርጅባክ ከመምጣቱ በፊት ነው፣ እሱም በተከፈለበት በዚያው ካርድ ላይ ብቻ። ከመጣ በኋላ ያለሽ ምርጫ መልስ መስጠት ወይም መተው ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ገዢዋ የካርድ ቁጥሯን ስታስገባ የክፍያ ድርጅታችሁ ባንኳን ይጠይቃል፣ ባንኳም ይለፍ ይላል። ባንኩ ይለፍ ሲል የሚነግርሽ ካርዱ እንዳልተዘጋና በቂ ብር እንዳለው ብቻ ነው። ቁጥሩን የጻፈው ሰው ባለቤቱ ስለመሆኑ ማንም አልመሰከረልሽም። እዚህ ላይ ነው ሻጮች የምንሸወደው፣ ክፍያው ተሳክቷል የሚለውን አረንጓዴ ምልክት ስናይ ብሩ የእኛ የሆነ ይመስለናል። ባለቤቱ በኋላ አላውቀውም ካለ ባንኩ ብሩን በቪዛ ወይም በማስተርካርድ በኩል ከክፍያ ድርጅታችሁ ይወስዳል፣ ድርጅቱ ደግሞ ከእናንተ ይወስዳል። መጀመሪያ ይወሰዳል፣ ከዚያ ነው የምትጠየቂው። ያናድዳል፣ እኔም ስሠራበት ያናድደኝ ነበር።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ሕግ አለ፣ የክሬዲት ካርድ ባለቤት ሒሳቤ ተሳስቷል ብሎ እንዲከራከር መብት ይሰጠዋል። ክሬዲት ካርዱ ያለፈቃዱ ከተሠራበትም ባለቤቱ ከ50 ዶላር በላይ አይጠየቅም። የቀረውን አንድ ሰው መሸከም አለበት። ሱቅ ውስጥ በቺፕ የተነበበ ካርድ ከሆነ ብዙ ጊዜ ባንኩ ይሸከመዋል፣ ኦንላይን ቁጥሩ ተጽፎ ከሆነ ግን ሻጩ ነው። በቪዛ ደንብ ለአብዛኛው ክርክር 120 ቀን ይሰጣል፣ ስለዚህ በሁለት ወር ተኩል መምጣቱ አይግረምሽ።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ካርዱ ላይ ያለው ስም የሴትዮዋ ነው ወይስ የሌላ ሰው? የላክሽበት አድራሻና ካርዱ የተመዘገበበት አድራሻ አንድ ነው? ደግሞ ከሁሉ በላይ፣ ባንክ ሒሳቧ ላይ የወጣው የሻጭ ስም ምን ይላል፣ የሱቅሽን ስም ወይስ የአክስትሽን ልጅ?

ላስታ_ማረፊያ · የካቲት 15

እኔ ላሊበላ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። በኔ የደረሰው የለየለት ሌብነት ነው፣ ሌላው እንዲማርበት ልንገራችሁ።

ገና ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው በኢሜይል 8 ሰው ይዤ እመጣለሁ የሚል ሰው ጻፈልኝ። ዋጋ አልተከራከረም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ፣ ለገና ላሊበላ ክፍል የሚፈልግ ሰው ዋጋ ሳይጠይቅ አያልፍም። የክፍያ ሊንክ ላክሁለት። የክፍሉ 1,800 ዶላር ሲሆን እሱ 3,200 ከፈለ፣ በሁለት ካርድ። ከዚያ «ትርፉ 1,400 የአስጎብኚያችን ነው፣ እሱ ካርድ አይቀበልም፣ አንተ ላክለት» አለኝ። አሳዘነኝና ላክሁለት። ወላሂ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

እንግዶቹ አልመጡም። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሁለቱም ካርድ የተሰረቀ ነው ተብሎ 3,200ው በሙሉ ተመለሰ። ክፍሎቹን ለሌላ ሰው አላከራየሁም፣ የላክሁት 1,400 ደግሞ ከገዛ ኪሴ ወጣ። ያ አስጎብኚ የተባለው ራሱ ሰውዬው ነው።

ከዋጋው በላይ ከፍሎ ትርፉን ለእገሌ ላክልኝ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እዚያው አቁሙ። ሁለት ሦስት ካርድ ሲሞክር ካያችሁም እንደዚያው። ጥለት እህቴ ያንቺ ግን እንደኔ አይመስለኝም፣ ሌባ የትንሿን ረዘም አድርጊው አይልም።

ጥለት_ቧንቧውሃ · የካቲት 15

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ላስታ ወንድሜ በጣም አዘንሁ።

ቦርከና ጋሼ፣ አሁን የአክስቴ ልጅ ገብታ አየችልኝ። ካርዱ ላይ ያለው ስም የወንድ ነው። አድራሻው ግን እኔ ከላክሁበት ጋር አንድ ነው፣ ቨርጂኒያ፣ የቤት ቁጥሩም ዚፕ ኮዱም ተመሳክሯል ይላል። ሒሳቡ ላይ የሚወጣው ስም የሱቁ አይደለም። አካውንቱ ሲከፈት የአክስቴ ልጅ የአባቷን ስም አስገብታ ነበር፣ እሱው ነው እስከ ዛሬ የሚወጣው። ይህን ጭራሽ አላሰብነውም።

ደግሞ አንድ ነገር አስታወስሁ። ጥር 12 ሴትዮዋ ፎቶ ልካልኝ ነበር። ሦስቱም ለብሰውት፣ የትንሿ መሬት እየነካ። «እማማን አመስግኚልኝ፣ ሁሉ ሰው የት አሠራሽ አለኝ» የሚል ድምፅም አለው። ለእናቴ አሰምቻት ነበር። ይሄ ማስረጃ ይሆናል?

ቦርከና_ማዶ · የካቲት 16

ይሆናል እንጂ! በጣም ጥሩ ማስረጃ ነው። ነገሩም እየለየ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ካርዱ የባልየው ነው። ወር መጨረሻ ላይ ሒሳቡን ሲያይ የማያውቀው የሰው ስም 540 ዶላር ወስዷል ይላል። ሚስቱን ሳይጠይቅ ባንክ ደወለ። እንዲህ ያለው በጣም ብዙ ነው፣ ሌባ የለበትም፣ ሻጩ ላይ ግን ያው ሌባ እንደመጣበት ይቆጠራል።

ስለዚህ ዛሬ ሁለት ነገር ጎን ለጎን አድርጊ። ለሴትዮዋ ጻፊላት፣ በጨዋ ቃል፣ ሳትወቅሻት። እንዲህ ሆኗል፣ ምናልባት ባለቤትሽ ሳያውቀው ይሆን በያት። የእሱ ከሆነ ባንኩ ጋ ደውሎ ክርክሩን ያንሣ፣ ማንሣቱንም ባንኩ በደብዳቤ ወይም በኢሜይል ያረጋግጥለት። ይህን አስምሪበት፦ አነሣሁት ብላ ብትነግርሽ እንኳ መልስሽን ሳትልኪ እንዳትቀሪ። ባለቤቱ አንሥቶም ሻጩ ቀኑን ስላሳለፈ ብቻ የተበላ ፋይል በዓይኔ አይቻለሁ።

ማስረጃው አንድ ፋይል ይሁን፣ አጭር ይሁን። የሚያየው ሰው ባንክ ውስጥ ቁጭ ብሎ በቀን ስንትና ስንት እንዲህ ያለ የሚያገላብጥ ነው፣ አማርኛም አያውቅም። የቴሌግራም ጽሑፋችሁን ፎቶ አንሥተሽ ከሥሩ እንግሊዝኛውን ጻፊ። ቀኑ ይታይ። ልክ የተለዋወጣችሁበትን፣ አድራሻ የሰጠችበትን፣ ያመሰገነችበትን። ስለ እናትሽ ድካም፣ ስለ ሸማኔው አትጻፊ፣ ልብ ይነካል ግን እዚያ ቦታ አይሠራም። የፖስታውን ቁጥር አውጪ፣ በሁለት ፊደል ጀምሮ ዘጠኝ አኃዝ ይዞ በኢቲ የሚያልቀውን። ያው ቁጥር አሜሪካ ፖስታ ቤት ገጽ ላይም ይሠራል፣ ደረሰ የሚለውን ከዚያ ፎቶ አንሺው፣ ለእነሱ የሚቀርባቸው የራሳቸው ፖስታ ነው። የካርዱ አድራሻ መመሳከሩን የሚያሳየውን ገጽም ጨምሪ። ፎቶውን ከመላክሽ በፊት ሴትዮዋን አስፈቅጂያት፣ ልጆች አሉበት። የልጆቹን ፊት ሸፍኚው፣ ቀሚሱ መታየቱ ይበቃል።

ከዚያ የሒሳብ ላይ ስሙ ዛሬውኑ ይቀየር። የአክስትሽ ልጅ አካውንቱ ውስጥ ገብታ በአምስት ደቂቃ ታስተካክለዋለች። ደንበኛው የሚያውቀው የሱቅሽ ስም መሆን አለበት።

የአክስትሽ ልጅ መፍራቷ ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ቻርጅባክ ሲደጋገም፣ ከመቶ ሽያጭ አንዱ ገደማ ከደረሰ፣ የክፍያ ድርጅቱ ብሩን ይዞ ያቆያል፣ አካውንት እስከመዝጋትም ይሄዳል። ተጠያቂዋ እሷ ናት፣ ግብሩም በስሟ ነው። ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ በወረቀት ተነጋገሩበት፣ ቢያንስ የተወሰነ ብር ለእንዲህ ያለ ቀን አካውንቱ ውስጥ ይደር።

ሐይቅ_ዳር · የካቲት 16

እኔ ከሐይቅ ነኝ፣ አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ከገዢ በኩል ያለውን ልንገርሽ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጌያለሁ፣ አሁንም ይቆጨኛል። ቡናና በርበሬ ከአንዲት እናት ኦንላይን ገዛሁ። ሒሳቤ ላይ የወጣው የማላውቀው ድርጅት ስም ነው። የባንኩ አፕ ላይ አንድ ቁልፍ አለ፣ ይህን ግዢ አላውቀውም የሚል። ነካሁት፣ በማግስቱ 64 ዶላሬ ተመለሰ። የማን ብር እንደሆነ ያወቅሁት እሷ ስትደውልልኝ ነው። አፍሬ ሞትሁ። ያ ቁልፍ ሌላው ጫፍ ላይ ሰው እንዳለ አይነግርህም።

ስለዚህ ለደንበኞቻችሁ ሲከፍሉ ወዲያው መልእክት ላኩ፣ «ሒሳብዎ ላይ በዚህ ስም ይወጣል» ብላችሁ። ዕቃው ሲላክም ቁጥሩን ላኩ። ሰው የሚጨነቀው ዝም ሲባል ነው፣ በተለይ ዕቃው ከኢትዮጵያ እስኪመጣ ሦስትና አራት ሳምንት ሲቆይ። አልደረሰኝም ብሎ የሚከራከረውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ሌላ ደግሞ፣ ብዙ ዘመዶቻችን የካርዳቸውን ፎቶ በፊትም በጀርባም አንሥተው በቴሌግራም ይልካሉ፣ አንቺው አስገቢልኝ ብለው። አትቀበሉ! ጀርባው ላይ ያለው ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ስልካችሁ ላይ ከተቀመጠ፣ ስልኩ በጠፋ ቀን መዘዙ የእናንተ ነው። ሊንክ ላኩላቸው፣ ራሳቸው ያስገቡ።

ወልድያ_ሞባይል · የካቲት 16

የውጭ ካርድ የለኝም፣ ወልድያ ነው የምሠራው፣ ቻርጀርና የስልክ ሽፋን በቴሌግራም እሸጣለሁ። በቴሌብርና በባንክ ስለምቀበል ቻርጅባክ የሚሉት አያውቀኝም። እኛ ጋ ሌባው በሌላ በር ነው የሚገባው።

ባለፈው አንድ ልጅ 4,600 ብር ከፈልሁ ብሎ የደረሰኝ ፎቶ ላከ። ሁሉ ነገር ልክ ነው፣ ስሜ፣ ቀኑ፣ የግብይት ቁጥሩ። ሚኒባስ ሊሄድ ነው ቶሎ በል እያለ ያጣድፈኛል። ዕቃውን ጫንሁለት። ማታ ሒሳቤን ሳይ የለም። ፎቶው የተቀየረ ነው፣ ፊት ከሌላ ሰው ጋር የተሠራ ደረሰኝ ላይ ቁጥሩን ለውጦ። አሁን ፎቶ አላይም። የራሴን ሒሳብ ከፍቼ ብሩን ሳላይ ዕቃ አይወጣም፣ የፈለገው ይቆጣ። ቴሌብር ከሆነ ከ127 የሚመጣውን ብቻ ነው የማምነው፣ ከሰው ስልክ ቁጥር የመጣ «ገቢ ሆኖልዎታል» የሚል ጽሑፍ ውሸት ነው። እሱንም አይቼ ሒሳቤን እከፍታለሁ።

ደግሞ በስህተት ልኬልህ ነው መልስልኝ የሚል አለ። መጀመሪያ ገብቷል ወይ ብላችሁ እዩ። ገብቶም ከሆነ በራሳችሁ አትላኩ፣ በድርጅቱ በኩል ያስመልስ።

ቦርከና_ማዶ · የካቲት 16

ወልድያ ያለው እውነት ነው፣ ለሀገር ውስጥ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

ጥለት፣ ለወደፊት ስሪ ዲ ሴኪዩር የሚባለውን አካውንቱ ላይ አስከፍቺ። ገዢው ሲከፍል ባንኩ በስልኩ ኮድ ወይም ማረጋገጫ ይጠይቀዋል። በዚያ ያለፈ ክፍያ ላይ ካርዴ ተሰርቆ ነው ተብሎ ቢመጣ ኪሳራው የባንኩ ይሆናል፣ ያንቺ አይሆንም። የሚሠራው ግን ለስርቆት ክርክር ብቻ ነው። አልደረሰኝም ወይም እንደፎቶው አይደለም ለሚል አያድንሽም፣ ለዚያ ያለሽ የፖስታ ቁጥርሽና ፎቶሽ ነው። አንዳንድ ገዢ ኮድ ሲጠየቅ ተሰላችቶ ይተወዋል፣ ስለዚህ ለሁሉ ሳይሆን ከ150 ዶላር በላይ ለሆነና ለአዲስ ሰው አድርጊው።

አድራሻ ማመሳከሩም ለአሜሪካ፣ ለካናዳና ለእንግሊዝ ካርድ ነው በደንብ የሚሠራው። ከዱባይ ወይም ከጅዳ የመጣ ካርድ ላይ አልተመሳከረም ቢል ሌባ ነው ማለት አይደለም፣ ደውለሽ አናግሪ።

ጥለት_ቧንቧውሃ · የካቲት 24

ቃል እንደገባሁት ተመልሻለሁ።

ለሴትዮዋ በዚያው ቀን ጻፍሁላት። ሁለት ሰዓት አልቆየችም፣ ደወለች። ገና ሳትጀምር ታለቅሳለች። ቦርከና ጋሼ እንዳሉት ነው፣ ባለቤቷ ነው። የማላውቀው ሰው ስም አየሁ ብሎ ለባንክ ነግሮ፣ አዲስ ካርድም አውጥቶ፣ ለእሷ ምንም አላላትም። እሱም ስልኩን ተቀብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። በማግስቱ ባንኩ ጋ ደውሎ አነሣው፣ ደብዳቤውን ለማግኘት ግን አራት ቀን ፈጀበት። እኔ አልጠበቅሁም፣ ፋይሉን አዘጋጅቼ ቆየሁ። ደብዳቤው የካቲት 20 መጣ፣ በዚያው ማታ የአክስቴ ልጅ ሁሉንም አንድ ላይ ላከች። ስድስት ገጽ ነው። የትንሿን ልጅ ፊት ሸፍኜዋለሁ።

ውሳኔው ሁለት ወር ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል ብለዋል። 15ቷ ዶላር ብናሸንፍም አትመለስም አሉ፣ እሱስ ይሁን። እስከዚያ ድር የምገዛበት ብር ስለሌለኝ ሸማኔውን ትንሽ ታገሠኝ ብየዋለሁ፣ እሱም እሺ ብሎኛል።

የሒሳብ ላይ ስሙ ተቀይሯል፣ አሁን የሱቁ ነው። የአክስቴ ልጅም ትንሽ ተረጋግታለች፣ ከእያንዳንዱ ሽያጭ አሥር በመቶ አካውንቱ ውስጥ ለአራት ወር ይቆያል ብለን ጽፈን ተፈራርመናል።

ትናንት ከሚኒሶታ ሁለት ነጠላ ታዘዘ። የካርዱ ስምና የተቀባዩ ስም ይለያያል፣ አድራሻውም ሁለት ነው። ድሮ ቢሆን ደስ ብሎኝ ወዲያው እጭነው ነበር። ደወልሁላት። ሲያትል ላለች እናቷ ስጦታ ነው፣ ለፋሲካ። ይህንኑ በጽሑፍ ላኪልኝ አልኋት፣ ሳትቆጣ ላከችልኝ፣ አስቀምጬዋለሁ። ነጠላዎቹን መዝኜ፣ ሚዛኑ ላይ እንዳሉ ፎቶ አንሥቼ አሽጌያቸዋለሁ። ፖስታ ቤት ከመዘጋቱ በፊት ፒያሳ ልውረድ።